የትኛው ኢያሱ? የስም ዝርዝር የምታዘጋጁ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ ፋሲል የሚባል ልጅ በየሰፈሩ አይጠፋም፤ ኢያሱ ግን እምብዛም አይሰማም። በታሪክ መዝገብ ነገሩ ሌላ ነው። ስሙን የያዙት ቁጥራቸው ትንሽ ቢሆንም አብዛኞቹ ወይ ዙፋን ላይ የተቀመጡ ወይ ዙፋኑን ከቅርብ የከበቡ ናቸው። ለዚህ ይመስለኛል ጀማሪ አስጎብኚዎችና የታሪክ ተማሪዎች «ኢያሱ የተባሉ ታላላቅ ሰዎች» የሚል ጽሑፍ ማዘጋጀት የሚወዱት። ረቂቁን እንዳይላቸው ያመጡልኛል፤ እኔም ዓመት እስከ ዓመት ያንኑ ስህተት በቀይ እስክሪብቶ ስሰርዝ እኖራለሁ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ «አፄ ኢያሱ» ብሎ ማለፍ ነው። የትኛው? የማን ልጅ? መቼ የነገሠ? አንድ ቀን ጎንደር ባለው በደብረ ፀሐይ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን አንድ ወጣት አስጎብኚ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ያለውን አፅም ለእንግዶቹ እያሳየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በገዛ ልጁ ወገኖች የተገደለው ታላቁ ኢያሱ ይህ ነው» ሲል ሰማሁት። እንግዶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ፣ ፎቶግራፍ አነሡ። እንዲህ ያለ ጥሩ ትረካ በሐሰት ሲባክን ያናድዳል። ቁስቋም ያለው አፅም የእቴጌ ምንትዋብ፣ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ ነው የሚባለው። የተገደለው ግን ቀዳማዊ ኢያሱ፣ በዙፋን ስሙ አድያም ሰገድ ነው። የቀዳማዊ አፄ ዮሐንስ ልጅ፣ የአፄ ፋሲለደስ የልጅ ልጅ፣ የደብረ ብርሃን ሥላሴ መሥራች። ልጁ ተክለ ሃይማኖት ዙፋኑን ከወሰደ በኋላ ጣና ላይ፣ ደሴት ውስጥ ነው የተገደለው፤ የተቀበረውም እዚያው ጣና ላይ፣ ምጽራሃ ደሴት ነው። ከቁስቋም ምን አገናኘው?

የሚያገናኛቸው ዝምድና ነው፤ ወጣቱን አስጎብኚም ያሳሳተው እሱ ሳይሆን አይቀርም። የቀዳማዊ ኢያሱ ልጅ በካፋ ምንትዋብን አገባ፤ ከእርሷ ዳግማዊ ኢያሱን ወለደ። ስለዚህ ቀዳማዊውና ዳግማዊው አያትና የልጅ ልጅ ናቸው። በዚያ ላይ ሁለቱም ሃያ አራት ዓመት ገደማ ነግሠዋል። ይህን የማያውቅ ሰው የንግሥና ዘመናቸውን ቁጥር ብቻ ይዞ ቢያምታታ አልፈርድበትም። ሥዕልና ሕንፃ ፊቱ ቆሞለት ካምታታ ግን እፈርድበታለሁ።

በዚሁ ቤተሰብ ውስጥ ጀማሪዎች ጨርሶ የማያውቁት ሦስተኛ ኢያሱ አለ። በካፋ ከሞተ በኋላ ምንትዋብ የበካፋን የእህት ልጅ ወደደች። እርሱም ኢያሱ ይባላል፤ ግራዝማች ነው፤ የቤተ መንግሥቱ ሰው ግን በሽሙጥ «ምልምል ኢያሱ» ይለው ነበር። ከእርሱ ሦስት ሴቶች ልጆች ወለደች፤ አንዷ ኋላ የራስ ሚካኤል ስሑል ሚስት የሆነችው ወይዘሮ አስቴር ናት። እንግዲህ በአንዲት ሴት ሕይወት ውስጥ የባሏ አባት፣ ልጇና ወዳጇ ሦስቱም ኢያሱ ናቸው። አባቱን ወይም ማዕረጉን ሳይጽፍ እዚህ ቤተሰብ ውስጥ የገባ ሰው ልጅን ከአያቱ፣ ወዳጅን ከልጅ እየደባለቀ ነው የሚወጣው። «ኢያሱ የአስቴር አባት የነበሩ ንጉሥ» የሚል ረቂቅ አይቻለሁ። ምልምል ኢያሱ አንድም ቀን አልነገሠም።

ኢዮአስን ኢያሱ ብሎ መጻፍም አለ። ኢዮአስ የዳግማዊ ኢያሱ ልጅ ነው፤ በ1761 ዓ.ም. በራስ ሚካኤል ትእዛዝ ተገደለ። ስሙም ሰውየውም ሌላ ናቸው። አንብቡት።

የዘመን አቆጣጠሩ ነገር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ከውጭ መጽሐፍ 1682 የሚል ቁጥር ይገለበጥና ከኋላው «ዓ.ም.» ይለጠፍበታል። ቀዳማዊ ኢያሱ የነገሠው በእኛ 1674 ዓ.ም. ነው፤ 1682 የፈረንጆቹ ነው። አንድ የተማሪ ረቂቅ መነሻውን ከአማርኛ ጽሑፍ፣ መድረሻውን ከውጭ መጽሐፍ ወስዶ «ከ1674 እስከ 1706 ነገሠ» ብሎ ንጉሡን ሠላሳ ሁለት ዓመት አስገዝቶታል። ስምንት ዓመት በስጦታ! ስምንት እየቀነሱ መሄድም አያዋጣም። ንጉሡ ዙፋኑን ያጣውም የተገደለውም እ.ኤ.አ. በ1706 ነው፤ በእኛ ግን የመጀመሪያው በመጋቢት 1698፣ ሁለተኛው በጥቅምት 1699 ይውላል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ልዩነቱ ሰባት መሆኑን የረሳ ሰው ሞቱን አንድ ዓመት ያስቀድመዋል።

በልጅ ኢያሱ ላይ ሲሆን ይኸው ስህተት የባሰ ነው። ከሥልጣን የወረደው በመስቀል ዕለት፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ነው። «መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም.» ብለው የሚጽፉ አሉ። በዚያ ቀን ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆና የተቀበሏት ያን ዕለት ነው። ተራ የቁጥር ስህተት ቢሆን ኖሮ ባልጮህኩ፤ ይህ ግን አንባቢውን ሌላ እውነተኛ ታሪክ ላይ ይጥለዋል። ደግሞም ልጅ ኢያሱን «አፄ» አትበሉት። አገር መራ እንጂ አልተቀባም፣ ዘውድም አልጫነም። አንዳንድ ዝርዝሮች አምስተኛ ኢያሱ ይሉታል፤ ቁጥሩን መጥቀስ ይቻላል፣ ዘውድ ያልጫነ መሆኑን ግን እዚያው መጻፍ ያስፈልጋል።

በነገሥታቱ ዘመን ከውጭ የመጡትን እንግዶችም ለዩ። እ.ኤ.አ. በ1699 ጎንደር ደርሶ ቀዳማዊ ኢያሱን ያከመው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1770 ነው፤ ዳግማዊ ኢያሱ ከሞተ አሥራ አምስት ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት ዘመን። ምንትዋብን በእርጅናቸው አውቋቸዋል፤ አስቴርንም አይቷል። ኢያሱ የሚባል ንጉሥ ግን ዓይን ለዓይን አልተያየም። ሁለቱም በሽተኛ ስላከሙ ይመስለኛል አስጎብኚዎቻችን አንድ ሰው የሚያደርጓቸው።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስትገቡ ጣሪያው ላይ ያሉትን መላእክት ወደ ላይ እያሳያችሁ «ቀዳማዊ ኢያሱ ያሣላቸው» አትበሉ። ደብሩን እርሱ መሠረተው፤ አሁን የሚታየው አራት ማዕዘን ሕንፃ ግን ከእርሱ ዘመን በኋላ የተሠራ ነው። የእርሱን እጅ ማሳየት ከፈለጋችሁ ፋሲል ግቢ ውስጥ ቤተ መንግሥቱ አለላችሁ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ አውሮፕላኖች ተደብድቦ ጣሪያ አልባ ቢሆንም የእርሱ ነው።

የሐይቁን አባ ኢየሱስ ሞዐን ዝርዝሩ ውስጥ አታስገቡ፤ ስሙ ኢየሱስ ሞዐ እንጂ ኢያሱ አይደለም። ኢያሱ ወልደ ነዌን ካስገባችሁ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ብቻውን አስቀምጡት፤ ከነገሥታቱ ጋር በቁጥር አይሰለፍም።

የመጨረሻው በጣም ቀላሉ ነው፤ ሆኖም ከአሥር ረቂቅ በዘጠኙ አገኘዋለሁ። ቀዳማዊ፣ ዳግማዊ፣ ከዚያ ዘሎ ልጅ ኢያሱ። ሦስተኛውና አራተኛው የት ሄዱ? በዘመነ መሳፍንት የነገሡ ናቸው፤ ሥልጣኑ በራሶቹ እጅ ስለነበር ብዙ የሚተረክላቸው የለም። ሦስተኛው እ.ኤ.አ. ከ1784 እስከ 1788፣ አራተኛው ከ1830 እስከ 1832። ሁለት መስመር ይበቃቸዋል። ጻፉላቸው።