አሜሪካ ኮምፒውተር ሳይንስ ለጀመራችሁ፦ የሰራችሁትን ኮድ ለማንም አትስጡ፣ ሌላም ሌላም

ሴሚስተር በተጀመረ ቁጥር በቴሌግራም የሚመጣልኝ ጥያቄ ያው ነው፣ «ይሄን ኮርስ ወስደኸዋል አይደል፣ የሰራኸውን ላክልኝና እያየሁ ልስራ»። አልልክም። ክፋት አይደለም፣ የምልከው ነገር ሁለታችንንም ከትምህርት ሊያስቀረን ስለሚችል ነው። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ልጻፈውና ይለይልኝ።

አገር ቤት ዶርም ውስጥ የገባው ላልገባው እያስረዳ፣ የሰራው ላልሰራው እየሰጠ ነው ያለፍነው፣ የከለከለ ሰው እንደ ስስታም ነበር የሚታየው። እዚህ ግን ብዙ ቦታ የሰጠውም የወሰደውም እኩል ነው የሚከሰሰው። የሚፈቀደውና የማይፈቀደው በየኮርሱ ሲለበስ (ፕሮፌሰሩ መጀመሪያ ላይ የሚሰጠው የኮርሱ ዕቅድና ደንብ) ላይ ተጽፏል፣ አንዱ ፕሮፌሰር ሀሳብ ተነጋገሩ ኮድ ግን አትተያዩ ይላል፣ ሌላው ሁለት ሁለት ሆናችሁ ስሩ ይላል፣ ኮድ የሚጽፉት ኤአይዎች፣ ቻትጂፒቲና ኮፓይለትም እንደዚሁ ናቸው፣ አንዱ ኮርስ ላይ የተፈቀደው ሌላው ላይ ዜሮ ያሰጣል። እና ሲለበስ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው መነበብ አለበት፣ እሱን ሳያነብ መጥቶ እኔን የሚጠይቀኝ ሰው በእውነት ያናድደኛል።

«የቫሪያብሉን ስም ቀይሬ ባስገባ ማን ያውቃል» የሚልም አለ። ሞስ የሚባል የተማሪዎችን ኮድ እርስ በርስ የሚያነጻጽር ፕሮግራም አለ፣ በፈረንጆቹ ከ1994 ጀምሮ ያለ፣ ስታንፎርድ ሰርቨር ላይ የሚሰራ። የቫሪያብል ስም፣ ክፍት ቦታ፣ ኮመንት ብትቀይሩ አይሸወድም፣ የኮዱን አወቃቀር ነው የሚያነጻጽረው፣ ፕሮፌሰሩ ካለፉት ዓመታት ስራዎች ጋርም ሊያስተያየው ይችላል። አሳይመንት የሚገባበትና የሚታረምበት ግሬድስኮፕም የራሱ ማነጻጸሪያ አለው።

አሁን እኔ ላይ የደረሰውን በደንብ አንብቡት። ዳታ ስትራክቸር የሚባለው ኮርስ ላይ የሰራሁትን ፕሮጀክት ሴሚስተሩ ካለቀ በኋላ ጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ ፐብሊክ፣ ማለትም ለማንም እንዲታይ አድርጌ አስቀመጥኩት፣ ለኢንተርንሺፕ ሬዝዩሜ ላይ ሊንክ ያስፈልጋል ብሎ ሁሉም ስለሚመክር። በሚቀጥለው ሴሚስተር ጭራሽ የማላውቀው ልጅ አገኘውና ኮፒ አድርጎ አስገባ፣ ሲያዝ ደብዳቤው ለእኔም መጣ። ክሱ «ሌላው እንዲያጭበረብር ማመቻቸት» ነው የሚለው። ሲለበሱ መጨረሻ አካባቢ፣ መፍትሄውን ኮርሱ ካለቀ በኋላም ቢሆን በይፋ ማስቀመጥ ክልክል ነው የምትል አንድ መስመር ነበረች። ኮዱ የእኔ መሆኑን ማንም አልተጠራጠረም፣ ጥያቄያቸውም እሱ አልነበረም። የተዘጋ ውጤቴ ተከፍቶ ፕሮጀክቱ ዜሮ ሆነ፣ ፋይሌ ላይ ማስጠንቀቂያ ገባ። እስኪያልቅ ድረስ ደግሞ አንዱን ቢሮ ስጠይቅ ወደ ሌላው ይመራኛል፣ ያኛው መልሶ ወደ መጀመሪያው ይልከኛል፣ እኔ ግን ኤፍ ዋን (የተማሪ ቪዛ) ላይ ስለሆንኩ ሰስፔንድ መደረግ (ከትምህርት መታገድ) ማለት የቪዛ ስቴተስ መዘጋት፣ አገር ለቆ መውጣት ማለት ነው። እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረኝም።

ስለዚህ የኮርስ ስራ በሙሉ ፕራይቬት ይሁን፣ ጊትሃብ ላይ ፕራይቬት ሪፖ (ሌላ ሰው የማያየው የፕሮጀክት ማህደር) ከ2019 ጀምሮ ለሁሉም ነጻ ነው፣ ሰበብ የለም። ኮርሱ የሰጣችሁን ፐብሊክ ሪፖ ፎርክ አታድርጉ (ወደ ራሳችሁ አካውንት በጊትሃብ በኩል አትቅዱ)፣ ፎርኩም ፐብሊክ ነው የሚሆነው፣ አዲስ ፕራይቬት ሪፖ ከፍታችሁ ኮዱን ወደዚያ አስገቡ። ቶሎ ቶሎ ኮሚት አድርጉ (የሰራችሁትን ለውጥ እዚያው መዝግቡ)፣ አንድ ቀን ብትከሰሱ ደረጃ በደረጃ እንደሰራችሁት የሚመሰክርላችሁ እሱ ነው። ለሬዝዩሜ የራሳችሁን ነገር ስሩ፣ የዕቁብ ሂሳብ መያዣ፣ የእኛን ዘመን አቆጣጠር ወደ ፈረንጅ የሚቀይር፣ የአማርኛ ፊደል መጻፊያ፣ ቀጣሪም ከሺህ ሰው ተመሳሳይ አሳይመንት ይልቅ እሱን ነው የሚጠይቃችሁ።

ሲከብዳችሁ ደግሞ የጓደኛ ኮድ ከመለመን ኦፊስ አወር (ያልገባችሁን የምትጠይቁበት ሰዓት) ሂዱ። የከፈላችሁበት ነገር ነው፣ ቲኤዎቹ (የፕሮፌሰሩ ረዳቶች) ቁጭ ብለው ሰው ይጠብቃሉ፣ የእኛ ልጆች ግን አልገባኝም ማለት እያፈሩ ፈተና እስኪደርስ አይሄዱም። ኤድ ወይም ፒያዛ የሚባሉት የኮርስ መጠየቂያ ድረ ገጾች ላይ ስትጠይቁ ኮድ ካለበት ለአስተማሪዎች ብቻ እንዲታይ አድርጉ። ላፕቶፕ ደካማ ከሆነ ብዙ ዲፓርትመንት በኤስኤስኤች (ከርቀት) የምትገቡበት ሰርቨር አለው፣ ላይብረሪ የሚያውስም አለ። የጊትሃብ ስቱደንት ፓክም (የፕሮግራመር መሳሪያዎች ጥቅል) በተማሪነታችሁ በነጻ ይሰጣችኋል።

ኤፍ ዋን የሆናችሁ፣ ለመጀመሪያ ዲግሪ የምትማሩ ከሆነ በሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት ሃወር ነው፣ ከዚያ ውስጥ የሚቆጠርላችሁ ኦንላይን ኮርስ አንድ ብቻ። ከ12 በታች የሚያወርዳችሁን ኮርስ ድሮፕ የምታደርጉት ኢንተርናሽናል ኦፊስ (የትምህርት ቤቱ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ) አስቀድሞ በሲስተም ሲፈቅድ ነው፣ አካዳሚክ አድቫይዘር «ምንም ችግር የለውም» ቢላችሁ አትስሙት፣ የኢሚግሬሽን ስራ የእሱ አይደለም። ትምህርት ላይ እያላችሁ ካምፓስ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መስራት ይቻላል፣ ከካምፓስ ውጪ ግን ያለ ፈቃድ ኡበርም ዶርዳሽም በዘመድ አካውንትም አትንኩ። ለኢንተርንሺፕ ሲፒቲ (ሳትመረቁ በሙያችሁ የመስሪያ ፈቃድ) አለ፣ ባብዛኛው አንድ የትምህርት ዓመት ከጨረሳችሁ በኋላ ነው፣ ሙሉ ሰዓት 12 ወር ከሰራችሁበት ግን በዚያው ዲግሪ ኦፒቲ (ከተመረቃችሁ በኋላ በሙያችሁ የመስሪያ ፈቃድ) አታገኙም።

በዲቪ የመጣችሁ ይሄ የኤፍ ዋን ጉዳይ ሁሉ አይመለከታችሁም፣ እናንተ ፋፍሳ (የመንግስት የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ) ሙሉ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መጀመርን አትናቁ፣ ዲሲ አካባቢ ከሞንትጎመሪ ኮሌጅና ከኖቫ (ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ጀምረው የጨረሱ ስንት ልጆች አሉ። ግን ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሜሪላንድ ላይ ኮምፒውተር ሳይንስ ቦታው የተገደበ ነው፣ ዩኒቨርሲቲው ተቀበለን ማለት ዲፓርትመንቱ ተቀበለን ማለት አይደለም፣ የሚጠይቀውን ኮርስና ውጤት ከመጀመሪያው ሴሚስተር እዩት።

ኤፍ ዋን የሆናችሁ ኦፒቲ ጋ ስትደርሱ ፕሮግራማችሁ ሊያልቅ 90 ቀን ሲቀረው ጀምራችሁ ማመልከት ትችላላችሁ፣ ካለቀ በኋላ ያላችሁ 60 ቀን ነው፣ ኢንተርናሽናል ኦፊስ ሪኮሜንድ ካደረገ በኋላ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ማመልከቻው ዩኤስሲአይኤስ (የኢሚግሬሽን መስሪያ ቤቱ) መድረስ አለበት። ኮምፒውተር ሳይንስ ስቴም (የሳይንስና ቴክኖሎጂ መስክ) ስለሆነ ከመጀመሪያው 12 ወር ላይ ሌላ 24 ወር ይጨመራል፣ ቀጣሪው ኢ-ቬሪፋይ (የሰራተኛን የስራ ፈቃድ የሚያረጋግጥ የመንግስት ሲስተም) ላይ ካለ ብቻ። ስለዚህ ስራ ስትቀበሉ ደመወዙን ከመጠየቃችሁ በፊት እሱን ጠይቁ።