ክላውንፊሽ ቤት ሲገባ የምንሠራቸው ስህተቶች

አራት ኪሎ የሚኖር ጓደኛዬ ባለፈው ክረምት ደውሎ «ሁለቱም ሞቱብኝ» አለኝ። ደነገጥኩ። ለካ ዓሦቹን ነው። ያ ብርቱካናማ፣ ሦስት ነጭ ቀበቶ የታጠቀ ዓሣ፣ ክላውንፊሽ። ምን እንዳደረገ ስጠይቀው ጉዱ አንድ በአንድ ወጣ።

መጀመሪያ ጨው። የወጥ ጨው በተነበት! የወጥ ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ነው፣ በቃ። ባሕር ውስጥ ግን ማግኒዥየሙም፣ ካልሲየሙም፣ ፖታሲየሙም አለ። ለዓሣ ተብሎ የተዘጋጀ የባሕር ጨው ነው የሚያስፈልገው፣ ለአንድ ሊትር 35 ግራም ገደማ። ውኃው በትነት ሲቀንስም ጨው ያለበት ውኃ አትጨምሩ። የሚተነው ውኃው ብቻ ነው፣ ጨውማ እዚያው ቀርቷል።

ገንዳውን በገዙበት ቀን ዓሣ መክተትም አለ። የዓሣው ኩስ አሞኒያ ይሆናል፣ አሞኒያ ደግሞ መርዝ ነው። እሱን የሚያጣሩት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል።

ዋናው ጣጣ ግን ከፍታችን ነው፤ ይሄን የሚያስብ ሰው ብዙም አላየሁም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብላለች፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል፣ ውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሙቅና ጨዋማ ውኃ ደግሞ ድሮም ኦክስጅን የሚይዘው ጥቂት ነው። ዓሣው 25 ወይም 26 ዲግሪ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ማሞቂያ የግድ ነው፤ የውኃው ፊት ሁሌ እየተናወጠ አየር መሳብ አለበት። የጓደኛዬ ቤት መብራት ማታ ጠፍቶ ሲነጋ መጣ። ማሞቂያውም ፓምፑም ቆመው አደሩ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ቢኖረው ኖሮ ምናልባት ይተርፉ ነበር።

አኔሞንም፣ ያንን ክንዶቹን እንደ አበባ የሚዘረጋ የባሕር እንስሳ፣ ገዝቶ ነበር፣ «ያለሱ ክላውንፊሽ አይኖርም» ብለውት። ባሕር ውስጥ እውነት ነው፤ የአኔሞን ክንዶች ሌላውን ዓሣ ይናደፋሉ፣ ክላውንፊሽን ግን ቆዳው ላይ ያለው ልጋግ ስለሚጠብቀው እዚያ ይሸሸጋል። ቤታችሁ ውስጥ ግን ማን ሊበላው ይመጣል? አኔሞን ኃይለኛ ብርሃንና ወራት የቆየ ገንዳ ይፈልጋል፣ ሲሞት ደግሞ ውኃውን ይመርዛል።

«ሴትና ወንድ ስጡኝ» ብላችሁም አትልፉ። ሁሉም መጀመሪያ ወንድ ናቸው። ከቡድኑ ትልቁ ሴት ይሆናል፣ እሷ ስትሞት ባልየው ወደ ሴትነት ይለወጣል፣ ተመልሶም ወንድ አይሆንም። ሁለት ትንንሾች፣ አንዱ ከሌላው ከፍ ያለ፣ ግዙ። ራሳቸው ይስማማሉ። ሁለት ትልልቅ ሴቶች ከገዛችሁ ግን ጦርነት ነው።

«ከምፅዋ የመጣ ነው» የሚል ሻጭም አትመኑ። የቀይ ባሕሩ ዘመዱ ቀበቶው ሁለት ነው።

ጓደኛዬ አሁን እንደገና ጀምሯል። ገንዳው ዓሣ ሳይኖረው አምስተኛ ሳምንቱን ይዟል። እናቱ በገቡ በወጡ ቁጥር «እና ይሄ ባዶ ውኃ ነው መብራት የሚበላው?» ይሉታል።