ጥሩ የዜና ፊድ ማንበቢያ እንዴት ይመረጣል?

የሚከታተሏቸውን ድረ ገጾች አዳዲስ ጽሑፎች በአንድ መስኮት የሚሰበስብ የፊድ ማንበቢያ ኮምፒውተርዎ ላይ ሲጭኑ፣ ከመልኩ አስቀድመው ጽሑፎቹን የት እንደሚያስቀምጥ ይመልከቱ። ጎንደር ውስጥ መብራት ሲቋረጥ ራውተሩ አብሮ ይጠፋል፤ በባትሪ በሚሠራ ላፕቶፕ ላይ ሊነበብ የሚችለውም ቀድሞ የወረደው ብቻ ነው። ስለዚህ ፊዶቹ (ድረ ገጾቹ አዳዲስ ጽሑፎቻቸውን የሚያወጡባቸው ፋይሎች) ከወረዱ በኋላ ዋይፋዩን ያጥፉና የትናንቱን ዜና ከፍተው ይሞክሩ። አንዳንድ ድረ ገጾች በፊዳቸው የሚልኩት የመጀመሪያውን አንቀጽ ብቻ በመሆኑ፣ ማንበቢያው ሙሉውን ጽሑፍ ከገጹ የማምጣት አማራጭ ቢኖረው ይመረጣል።

በሞባይል ጥቅል የሚጠቀም ሰው የማደሻውን አሠራርም ማየት ይኖርበታል። በሚገባ የተሠራ ማንበቢያ ካለፈው ጉብኝቱ ወዲህ የተለወጠ ነገር መኖሩን ሰርቨሩን ይጠይቃል፤ ለውጥ ከሌለ ሰርቨሩ 304 የተሰኘውን አጭር ምላሽ ብቻ ስለሚመልስ ፊዱ እንደገና አይወርድም። የማደሻውን ጊዜ በየ5 ደቂቃው ከማድረግ በየሰዓቱ ማድረግ ለብዙ ሰው ይበቃል።

ለአማርኛ አንባቢ ትልቁ ፈተና ፍለጋው ነው። በመፈለጊያው ሳጥን መጀመሪያ «ጎንደር»፣ ቀጥሎም «ጐንደር» ብለው ይጻፉና ውጤቶቹን ያነጻጽሩ። ለኮምፒውተር «ጎ» እና «ጐ» የተለያዩ ፊደላት በመሆናቸው፣ አማርኛን ታሳቢ አድርጎ ያልተሠራ ፕሮግራም በአንዱ ሲፈለግ በሌላው የተጻፈውን ዜና አያወጣም፤ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»ም እንዲሁ ናቸው። ይህን የሚያሟላ እስኪገኝ ድረስ በሁለቱም አጻጻፍ መፈለግ ግድ ነው። የፊደሉን ዓይነትና መጠን መቀየር መቻሉንም ያረጋግጡ፤ «ቸ» እና «ች» በደቃቅ ጽሑፍ በቀላሉ አይለዩም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተሰኘውን የፊደል ዓይነት ጭኖ መጠኑን ከፍ ማድረግ ዓይንን ያሳርፋል።

የጉግል የፊድ ማንበቢያ የነበረው ጉግል ሪደር ጁላይ 1 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ፣ የፊድ ዝርዝራቸውን በኦፒኤምኤል ፋይል ያወጡ ተጠቃሚዎች ያለ ችግር ወደ ሌላ ማንበቢያ ተሻግረዋል። እርስዎም ፊድ ከማብዛትዎ በፊት ዝርዝሩን አውጥተው በሌላ ፕሮግራም ያስገቡትና እንደሚሠራ ይዩ።

ለመጀመር ያህል በዊንዶውስና በሊኑክስ አርኤስኤስ ጋርድን፣ በማክ ደግሞ ኔትኒውስዋየርን መሞከር ይቻላል፤ ሁለቱም ነጻና ኮዳቸው ክፍት የሆነ ነው። ኢሜይሉን በተንደርበርድ የሚያነብ ሰው ግን ፊድም እዚያው ሊጨምር ስለሚችል ሌላ ፕሮግራም መጫን አያስፈልገውም።