የቤተሰባችሁን የበሽታ ዘር ሐረግ እንዴት ትስላላችሁ?

ጂን (ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወረሰው የዘር መረጃ) ፍለጋ ሲባል ላብራቶሪና ማሽን ብቻ ነው የሚመስለን፣ ግን ሲጀመር የሚያስፈልገው አንድ ወረቀትና ወሬ የማይሰለቻት አክስት ናት። ቅዳሜ ፒያሳም ሆነ አራት ኪሎ ዘመድ ቤት ቡና ሲፈላ ጀምሩት፣ ለቅሶ ቤት ግን ባትሞክሩት ይሻላል ሃሃ።

ወንድ ካሬ፣ ሴት ክብ፣ የታመመው ውስጡ ይጠቁራል፣ የሞተው ላይ ሰያፍ መስመር ይሰመርበታል። ተጋቢዎቹ ዘመድ ከሆኑ በሁለት መስመር ይያያዛሉ፣ እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የምንጋባው ብላችሁ እንዳትዘሉት፣ ጠይቁ። ዋናው በሽታው በስንት ዓመቱ ጀመረው የሚለው ነው፣ "ልጅ ሆኖ" ካሏችሁ "ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር? ደርግ መጥቶ ነበር?" እያላችሁ አጥብቡት። "ቡዳ በላው" ሲሏችሁ አትከራከሩ፣ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር ወይ፣ አይኑስ ያይ ነበር ወይ እያላችሁ ምልክቱን አውጣጡ። የእንጀራ ልጅና የማደጎ ልጅም ለይታችሁ ጻፉ፣ የሚፈለገው የደም ዝምድና ነው።

በነገራችን ላይ የሀንቲንግተን በሽታ (ሰውነትን ያለፈቃድ የሚያንቀሳቅስ፣ በዘር የሚወረስ የአንጎል በሽታ) ጂን በፈረንጆቹ 1983 ክሮሞዞም 4 (ጂኖችን ከሚሸከሙት ክሮች አንዱ) ላይ መሆኑ ሲታወቅ ቬንዝዌላ ማራካይቦ ሐይቅ ዳር ያሉ ቤተሰቦች ሐረግ ትልቅ ድርሻ ነበረው፣ ጂኑ ራሱ እስኪገኝ ግን ሌላ 10 ዓመት ፈጀ።

ደግሞ ሁሉም በሽታ የአንድ ጂን ጣጣ አይደለም፣ እዚሁ ደቡብ ኢትዮጵያ በባዶ እግር አፈር ከመርገጥ የሚመጣውን የእግር እብጠት ያጠኑ ሰዎች በፈረንጆቹ 2012 ኤችኤልኤ በሚባሉ የሰውነት በሽታ መከላከያ ጂኖች አካባቢ ልዩነት አግኝተዋል፣ ጫማ ማድረግ ግን አሁንም ይከላከለዋል። ስለዚህ ሥራውንና የሚኖርበትንም ከስሙ ጎን ጻፉ።

ሲያልቅ ፎቶ አንስታችሁ የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንዳትለቁት በናታችሁ፣ ለሐኪሙ ብቻ አሳዩት።