በሞዴል ፈተና ስትለማመዱ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ደብረ ብርሃን ውስጥ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ካለበት ቤት የቆዩ የኢንትራንስ ፈተናዎች ኮፒ አይጠፋም። ልጁ ይሠራል፣ መልሱን ያያል፣ ነጥቡን ይቆጥራል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ከሁሉም የሚቆጨኝ ስህተት ይሄ ነው። የሞዴል ፈተና ዋና ጥቅሙ የተሳሳታችሁት ጥያቄ ላይ ነው ያለው።

አንድ የፊዚክስ ጥያቄ እንውሰድ። ከቆመበት የተነሳ መኪና ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ2 ሜትር በሰከንድ ቢጨምር፣ በ5 ሰከንድ ስንት ሜትር ይሄዳል? ምርጫዎቹ 10፣ 25፣ 50 እና 100 ናቸው እንበል። መልሱ 25 ነው። 10ን የመረጠው ልጅ ርቀት ሲጠየቅ የመጨረሻውን ፍጥነት አስልቷል። 50ን የመረጠው ደግሞ ቀመሩ ውስጥ ያለችውን ግማሽ ረስቷል። ሁለቱም ኤክስ ገብቶባቸዋል፤ ችግራቸው ግን ለየቅል ነው። አንዱ ጥያቄውን ረጋ ብሎ ማንበብ፣ ሌላው ቀመሩን መከለስ አለበት። ይህ የሚታወቀው ቆም ብሎ ላየ ብቻ ነው። አንድ ደብተር ለዩና ለምን እንደተሳሳታችሁ በአንድ መስመር ጻፉ። ከሳምንት በኋላ መልሱን ሳታዩ እንደገና ሥሩት።

ሁለተኛው ስህተት መልስ መሸምደድ ነው። «23ኛው ሲ ነው» ብሎ መያዝ ምንም አይጠቅምም፤ ያው ጥያቄ ቁጥሩ ተቀይሮ ሲመጣ ጉድ ይፈላል። በቴሌግራም የሚዞረው መልስም ብዙ ጊዜ ስህተት አለበት፤ ከመጽሐፉ ወይም ከአስተማሪያችሁ አረጋግጡ። ሥርዓተ ትምህርቱም ስለተቀየረ፣ የድሮ ወረቀት ላይ ያለው ሁሉ እናንተ የምትማሩት አይደለም።

ብርዱን ሽሽት አልጋ ላይ ጋቢ ተከናንቦ፣ ስልክ አጠገብ አድርጎ መሥራትም አለ። እንዲህ የመጣ ነጥብ አያስተማምንም። ወንበር ላይ ቁጭ በሉ፣ ሰዓት ያዙ፣ ጊዜው ሲያልቅ እስክሪብቶ አስቀምጡ።

የሚወዱትን ትምህርት ብቻ መሥራትስ? ብዙ ጎበዝ ልጅ ሒሳብና ፊዚክስ ላይ ሲያመሽ «ለእንግሊዝኛና ለአፕቲትዩድ አይጠናም» ይላል። ለዩኒቨርሲቲ ማለፊያ የሆነው 50 በመቶ ግን የሚታየው ከሁሉም ድምር ነው። በ2014 የትምህርት ዘመን ያንን ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አስታውሱ። እንዲህ በጠበበ በር የሚናቅ ትምህርት የለም።

አንድ ልጨምር። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ፈተናው በኮምፒውተርም ይሰጣል። ከመንዝም ሆነ ከመርሐቤቴ የምትመጡ፣ ማውስ ነክታችሁ የማታውቁ ካላችሁ፣ ልምምዳችሁ በወረቀት ብቻ አይለቅ። ረጅም የእንግሊዝኛ ምንባብ እስክሪን ላይ ማንበብ ዓይን ያደክማል፤ የሒሳብ ጥያቄን ከእስክሪን እያዩ ወረቀት ላይ ማስላትም መልመድ ይፈልጋል። ትምህርት ቤታችሁ ኮምፒውተር ካለው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍሉ እንዲከፈትላችሁ ርዕሰ መምህሩን ተሰብስባችሁ ጠይቁ።