የአንጋፋ ደራስያንን ፊርማ በመጽሐፋቸው ላይ እንዴት እናስፈርማለን?

መጀመሪያ መጽሐፉን ፈልጉ። በ1970ዎቹ ሰው እየተዋዋሰ የጨረሳቸው ልብ ወለዶች ዛሬም አሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ዘንድ ይገኛሉ። አዲሱን እትም አልመክርም። ደራሲ የመጀመሪያውን እትም፣ ጠርዙ የተበላውን፣ የሦስት አንባቢ ስም የተጻፈበትን ሲያይ ፊቱ ይበራል፤ ወሬውም ከዚያ ይጀምራል።

ደራስያኑን የምታገኙት የመጽሐፍ ምረቃ ላይ ነው። ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ፕሮግራም ሲኖር አንጋፋዎቹ ከፊት ይቀመጣሉ። መርሐ ግብሩ አልቆ ግርግሩ እስኪበርድ ጠብቁ፤ «ጋሼ» ወይም «እትዬ» ብላችሁ ቅረቡ። ሳታነቡ አትሂዱ።

ከባዱ ነገር እስክሪብቶው ነው። የዚያን ዘመን ልብ ወለድ አብዛኛው የታተመው ቀለም በሚመጥ፣ ቶሎ በሚበጫ ወረቀት ላይ ነው። ማርከር ወደ ጀርባው ያልፋል፤ ጄል ቶሎ አይደርቅም። ይህን የተማርኩት አራት ኪሎ፣ አንድ ካፌ ውስጥ ነው። በልጅነቴ ፍራሽ ሥር ደብቄ ያነበብኩትን መጽሐፍ የጻፉ አዛውንት ነበሩ። በሰጠኋቸው ጄል እስክሪብቶ አራት መስመር ጻፉልኝ፤ እኔም በደስታ ወዲያው ዘግቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ቤት ደርሼ ስገልጠው ጽሑፉ ፊት ለፊት ባለው ገጽ ላይ ተለጥፎ፣ ስማቸው እንኳ አይለይም። ነገ ሄጄ እንደገና አስፈርማለሁ ስል ስድስት ወር አለፈ፤ ማረፋቸውን በሬዲዮ ሰማሁ።

ስለዚህ ተራ ጥቁር ቢክ ያዙ። አስቀድማችሁ በሌላ የተቀደደ አሮጌ መጽሐፍ ወረቀት ላይ ሞክሩት። ቢክ ወረቀት ይጎደጉዳል፤ እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰው ደግሞ ጉልበት ላይ መጻፍ ይከብዳል። ከገጹ ሥር የሚገባ ጠንካራ ካርቶን አይለያችሁ። የሚፈረመው የርዕሱ ገጽ ላይ ይሁን፤ ከሽፋኑ የተጣበቀው የመጀመሪያ ቅጠል ሽፋኑ ሲላቀቅ አብሮ ይሄዳል። ቀንና ቦታም እንዲጽፉላችሁ ለምኑ። ከዚያ አምስት ደቂቃ ገልጣችሁ ተቀመጡ፣ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ጣልቃ አስገቡና ዝጉ።

የተፈረመበትን ከሻጭ የምትገዙ ከሆነ የፊርማውን ቀን ከኅትመቱ ዓመት ጋር አስተያዩ፤ ሳይታተም የተፈረመ መጽሐፍ የለም። በዓሉ ግርማ ከየካቲት 1976 ወዲህ የት እንደ ደረሰ አልታወቀም፤ በስሙ ከዚያ በኋላ ቀን የተጻፈበት ፊርማ ቢያመጡላችሁ ገንዘባችሁን አታውጡ።

ቤት ውስጥ ፀሐይ ከማያገኘው መደርደሪያ ላይ አቁሙት። ፕላስተር አትለጥፉበት። ስለ ደራሲው የወጣ የጋዜጣ ቁራጭም ውስጡ አታስቀምጡ፤ ጋዜጣ የነካው ገጽ በቅርጹ ልክ ቡናማ ይሆናል።