ዊንዶውስ ሲጫን መሃል ላይ ቆመ? ላፕቶፑን ሳትከሱ ፍላሹን ጠርጥሩ

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ካበቃ ወዲህ እዚህ አዳማ «11 ጫንልኝ» የሚለኝ ሰው በዝቷል። ግማሹ ራሱ ሞክሮ እምቢ ሲለው ነው የሚመጣው። ሌላው ሱቅ ወስዶት «ሃርድ ዲስኩ ሞቷል» ተብሎ ነው። አብዛኛው ሃርድ ዲስክ ግን አልሞተም። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ያለው የማሽኑ ማስተካከያ) እንዴት እንደሚገባ፣ ከፍላሽ እንዴት ቡት እንደሚደረግ (ኮምፒውተሩ በፍላሹ እንደሚነሳ)፣ ፋይል ቀድሞ ሌላ ቦታ እንደሚገለበጥ ታውቃላችሁ ብዬ እዘለዋለሁ።

መጫን ጀምሮ የሆነ ፐርሰንት ላይ ይቆማል

በጣም የሚደጋገመው ይሄ ነው። ፍላሹ ቡት ያደርጋል። ቋንቋ ትመርጣላችሁ፣ ፓርቲሽን ትመርጣላችሁ፣ ፋይል መገልበጥ ይጀምራል። ከዚያ የሆነ ቦታ ሲደርስ «የሚያስፈልጉት ፋይሎች ተበላሽተዋል ወይም የሉም» የሚል መልእክት ይመጣል። የኮዱ መጨረሻ ብዙ ጊዜ 80070570 ነው፣ አንዳንዴ 8007025ዲ ይሆናል።

ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ፍላሹ ነው። ፎርጅድ ፍላሽ። ላዩ ላይ 64 ጊጋ ይላል፣ ኮምፒውተሩም 64 ጊጋ ብሎ ያሳያል፣ ውስጡ ያለው ቺፕ ግን 4 ወይም 8 ጊጋ ነው። ፍላሹን የሚቆጣጠረው ቺፕ እንዲዋሽ ተደርጎ ነው የተሠራው። እውነተኛው ቦታ እስኪሞላ የጻፋችሁት በትክክል ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ግን ወይ የትም አይደርስም ወይ የቀድሞውን ይደመስሳል፣ ኮምፒውተሩ ግን «በደንብ ተገልብጧል» ይላል። ቡት የሚያደርጉት ትንንሽ ፋይሎች ደህና ቦታ ላይ ካረፉ ጭነቱ ይጀምራል። ትልቁ የዊንዶውስ ፋይል ግን ብቻውን ከ4 ጊጋ ስለሚበልጥ መሃሉ ላይ ባዶ ይሆናል። ሰው ሁሉ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፤ ቡት ካደረገ ፍላሹ ደህና ነው ብሎ ያስባል።

አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እንዲህ ሆና መጣች። ሱቅ ውስጥ «ዲስኩ ነው» ብለዋት ከቤተሰብ ብር አስልካ አዲስ ኤስኤስዲ ገዝታለች። አስገቡላት፣ እንደገና ጫኑ፣ እዚያው ፐርሰንት ላይ ቆመ። «ወንድሜ፣ አዲሱም የተበላሸ ነው መሰለኝ» አለችኝ። በእኔ ፍላሽ ስጭነው ያለምንም ችግር አለቀ። የእሷ 64 ጊጋ የተባለው ሲፈተሽ እውነተኛ ቦታው 4 ጊጋ እንኳ አይሞላም። አሮጌውም ዲስክ ጤነኛ ነበር። ያቺ ልጅ ያወጣችው ብር አሁንም ያናድደኛል።

ሌላው ደግሞ የአንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ነው። የሚጭነው ልጅ በአንድ ፍላሽ ተራ በተራ ሞክሮ ሁሉም ላይ ሲቆምበት «የሁሉም ራም ተበላሽቷል» የሚል ሪፖርት ጽፎ ራም ሊገዛ ነበር። እስቲ አስቡት፣ የአንድ ክፍል ኮምፒውተር በሙሉ ባንድ ቀን ራሙ ሲበላሽ! አንድ ጥፋት ብዙ ማሽን ላይ እኩል ከታየ ማሽኖቹ ሳይሆኑ የሚጋሩት ነገር ነው የሚጠረጠረው።

መናኸሪያ አካባቢ እያዞሩ የሚሸጡትን፣ በጥቂት መቶ ብር «2 ቴራ» የሚሉትን ፍላሽ እባካችሁ አትግዙ። 2 ቴራ ፍላሽ በዚያ ዋጋ የለም። ለዊንዶውስ 8 ጊጋ ይበቃል፣ 16 ከሆነ ተመችቷችኋል። ትንሽና እውነተኛ ግዙ።

አፈታተሹ ቀላል ነው። ፍላሹን ባዶ አድርጉና ኤች2ቴስትደብሊው በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ሙሉውን እንዲጽፍና መልሶ እንዲያነብ እዘዙት። ሲከፈት ጀርመንኛ ከሆነባችሁ እንግሊዝኛ የሚለውን ምረጡ። ፍላሹ ቀርፋፋ ከሆነ ሰዓታት ይወስዳል፣ ስለዚህ ማታ አስጀምራችሁ ተኙ፣ መብራት ካልሄደ ጠዋት መልሱን ታገኛላችሁ። ቡት የሚያደርግ ፍላሽ የሚሠራው ሩፈስ የሚባል ፕሮግራም ላይም ብልሹ ብሎክ ይፈትሽ የሚል ምርጫ አለ፣ ፎርጅዱንም ያጋልጣል። ሊኑክስ የምትጠቀሙ ኤፍ3 አለላችሁ። ደጋግማችሁ ፎርማት በማድረግ ግን አይድንም። ውሸቱ ያለው ቺፑ ላይ ነው።

ፈተና ሳትጀምሩ የምትገምቱበት መንገድም አለ። በዚያው ፍላሽ ሁልጊዜ ያው ፐርሰንት ላይ የሚቆም ከሆነ፣ ሌላ ማሽን ላይም እዚያው የሚቆም ከሆነ፣ ችግሩ ፍላሹ ወይም የወረደው አይኤስኦ ፋይል (ፍላሹ የሚሠራበት የዊንዶውስ መጫኛ) ነው። በደህና ፍላሽ እየጫናችሁ አንዴ 20፣ አንዴ 63፣ አንዴ ደግሞ ሳይጀምር ሰማያዊ ስክሪን የሚያመጣ ከሆነ ግን ራሙን ተመልከቱ። ዴስክቶፕ ከሆነ ክፈቱት። የአዳማ አቧራ መቼም የማይገባበት የለም። ራሙን አውጡ፣ ወርቃማ ጥርሱን በላጲስ ቀስ ብላችሁ አጽዱ፣ ፍርፋሪውን አራግፉ፣ አንድ በአንድ እያስገባችሁ ሞክሩ። ዴስክቶፕ ላይ ፍላሹን ከኋላ ባለው ፖርት ሰኩት፣ የፊተኛው ብዙ ጊዜ ላልቶ ነው የሚገኘው።

ፍላሹ ፈተናውን ካለፈ ቀጣዩ አይኤስኦው ነው። ዳታ እያለቀ፣ እየተቋረጠ እየቀጠለ የወረደ ፋይል ሙሉ መስሎ ጎዶሎ ሊሆን ይችላል። ማይክሮሶፍት የማውረጃ ገጹ ላይ ፋይሉ ሳይጎድል መውረዱ የሚታወቅበትን የኤስኤችኤ 256 ቁጥር ያስቀምጣል፤ የናንተን ፋይል ቁጥር አውጥታችሁ አወዳድሩ፣ አንድ ፊደል ከተለየ ጣሉት። ከቴሌግራም የሚወርደውን «ላይት»፣ «ጌመር ኤዲሽን» ምናምን የሚሉትን ደግሞ ይዛችሁ አትምጡብኝ። ማን ምን እንደጨመረበት አይታወቅም፣ ከዚያ ላይ የባንክ አፕ ትከፍታላችሁ።

ዲስክ ምረጡ ይላል፣ ዝርዝሩ ግን ባዶ ነው

ላፕቶፑ ኢንቴል 11ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ዲስኩ አልሞተም። ቪኤምዲ የሚባል የኢንቴል የዲስክ መቆጣጠሪያ ባዮስ ላይ በርቷል፣ የዊንዶውስ መጫኛው ደግሞ ለእሱ የሚሆን ድራይቨር (ዕቃውን የሚያስተዋውቀው ፕሮግራም) የለውም። ከላፕቶፑ አምራች ገጽ የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ድራይቨር አውርዱ፣ ዚፑን ፈትታችሁ ፍላሹ ላይ አድርጉ፣ «ሎድ ድራይቨር» የሚለውን ተጭናችሁ አሳዩት። ወይም ቪኤምዲን ባዮስ ላይ አጥፉት። ኤሰር ላይ ምርጫው ተደብቆ ይሆናል፤ ባዮስ ውስጥ ሜይን የሚለው ገጽ ላይ ሆናችሁ ኮንትሮልና ኤስ ስትጫኑ ይወጣል።

ግን ልብ በሉ፦ ቀድሞ ያለውን ዊንዶውስ ማቆየት ከፈለጋችሁ ቪኤምዲን አትንኩ። ካጠፋችሁት አሮጌው ቡት አያደርግም።

«ዲስኩ ኤምቢአር ነው» ብሎ እምቢ ይላል

ፍላሹ በዩኢኤፍአይ፣ ማለትም በአዲሱ የባዮስ ዓይነት ተነስቷል፣ ዲስኩ ግን በድሮው አከፋፈል፣ በኤምቢአር ነው ያለው። ዩቲዩብ ላይ ሁሉም የሚያሳየው መፍትሄ አንድ ነው፦ ሺፍትና ኤፍ10፣ ዲስክፓርት የሚባለው የዲስክ መከፋፈያ፣ ክሊን፣ ከዚያ ወደ አዲሱ አከፋፈል ወደ ጂፒቲ መቀየር። ይሠራል። ግን ክሊን ማለት ዲስኩን በሙሉ ማጥፋት ነው። ሲ ድራይቭን ብቻ አይደለም። ዲንም ነው። ኢንም ነው።

አንድ ፎቶ አንሺ «የሰርጎቹ ፎቶ ዲ ላይ ነው፣ አይነካም» ተብሎ ላፕቶፑን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ነበር። ዲ እኮ የዚያው ዲስክ ቁራጭ ነው! ሙሽሮቹ ገና አልበማቸውን አልወሰዱም ነበር። እኔ ጋ ሲመጣ አዲሱ ዊንዶውስ በላዩ ተጭኖ ስለነበር የተወሰነውን ብቻ ነው ማውጣት የቻልኩት።

ዳታው የሚያስፈልግ ከሆነ ኤምቢአር2ጂፒቲ የሚባል መሣሪያ ዊንዶውስ 10 ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አለ፣ ሳያጠፋ ይቀይራል። ዋና ፓርቲሽኖቹ ከ3 መብለጥ የለባቸውም። ሲጨርስ ባዮሱን ወደ ዩኢኤፍአይ መልሱ። ከመጀመራችሁ በፊት ግን ባክአፕ። ዲስክፓርት ላይ ደግሞ የዲስኩን ቁጥር ሁለቴ አንብቡ። ሰው በመጠኑ ነው የሚለየው፣ ያ «2 ቴራ» ፍላሽ ተሰክቶ ከሆነ ግን መጠኑም ያሳስታችኋል።

«ይህ ኮምፒውተር ዊንዶውስ 11 አይችልም»

ኢንቴል 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው የደህንነት መሣሪያ፣ ቲፒኤም፣ ባዮስ ላይ ጠፍቶ ነው። ኢንቴል ላይ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም ይባላል፣ አብሩት። ከ8ኛ በታች ከሆነ ሩፈስ ፍተሻውን ዘሎ የሚጭን ፍላሽ ይሠራላችኋል፣ ማይክሮሶፍት ግን ለነዚህ ማሽኖች አፕዴት ዋስትና አይሰጥም። የድሮው ኮር 2 ዱዎ ፕሮሰሰር ከሆነ እርሱት፣ 24ኤች2 የሚባለው የ11 እትም ቡት እንኳ አያደርግበትም። 4 ጊጋ ራምና የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ይዛችሁ 11 አትጠይቁኝ። በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት ጫኑበት።

ዋይፋይ አላገኝም ብሎ አያሳልፍም

የዋይፋይ ድራይቨር ገና የለም። አንድሮይድ ስልክ በኬብል ሰኩና ዩኤስቢ ቴዘሪንግ አብሩ። ያልፋል።

የ48 አሃዝ ቁልፍ ይጠይቃል

ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ ቢትሎከር ነው። ቁልፉን በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ገብታችሁ ፈልጉ። ቁልፉ ከሌለ ዳታውን የሚከፍትላችሁ ሰው የለም፣ «እከፍታለሁ» ለሚል ብር አትስጡ።

በደንብ ተጭኖ፣ ጠዋት ሲነሳ ሰማያዊ ስክሪን

ይሄኛው የቢሮ ዴስክቶፕ በሽታ ነው። ማታ ጥበቃው ቆጣሪውን ያወርዳል፣ ጠዋት «ቡት የሚያደርገው ዲስክ አልተገኘም» የሚል ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። ሰውየው እንደገና ያስጭናል፣ ማታ ቆጣሪው ይወርዳል፣ ጠዋት ያው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች። መብራት ሲቋረጥ ባዮሱ ወደ ፋብሪካው ምርጫ ይመለሳል፤ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ላይ ደግሞ ያ የዲስክ አነባበብ ምርጫ ሬይድ ነው፣ ዊንዶውሱ የተጫነው ግን በሌላው ምርጫ፣ በኤኤችሲአይ። ባዮስ ገብታችሁ ወደ ኤኤችሲአይ መልሱት፣ ይነሳል። ከዚያ ሲአር2032 ባትሪ ግዙና ቀይሩ። ቀኑ ወደ ኋላ ሄዶ ብሮውዘሩ ድረ ገጽ አልከፍትም የሚላችሁም በዚያችው ባትሪ ነው። ኤኤችሲአይ ያልኩት ግን ሲጫን በእሱ ከነበረ ነው፤ በሬይድ የተጫነን ብትቀይሩት ራሳችሁ ሰማያዊውን ታመጣላችሁ።

ከፎርማት በኋላ የድሮ ደብዳቤዎች ፊደላቸው ተዘበራረቀ

ፋይሉ አልተበላሸም። በፓወር ግእዝ ፎንት የተጻፈ የድሮ ሰነድ ዩኒኮድ (ሁሉም ኮምፒውተር የሚጋራው የፊደል ኮድ) ካልሆነ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ነው የሚታየው። ያንኑ ፎንት መልሳችሁ ጫኑ፣ አማርኛው ይመለሳል። የዊንዶውሱ የራሱ አማርኛ ኪቦርድ ለአዲስ ጽሑፍ ይሆናል፣ የድሮውን ግን አያነብላችሁም። በተለይ የወረዳና የትምህርት ቤት ኮምፒውተር የምትጭኑ፣ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ሲ ውስጥ ዊንዶውስ የሚለውን፣ ከዚያ ፎንትስ የሚለውን ፎልደር ገልብጣችሁ ያዙ፤ ጸሐፊዋ ስንት ዓመት የተጠቀመችበትን ፎንት ስሙን እንኳ ላታስታውሰው ትችላለች።